በኩሌ አፈር ሥር ያለው ታሪክ እንዴት ይነበባል?

የኢትዮጵያ ጥንታዊ ታሪክ ሲነሳ ሐሳባችን ወዲያው የሚሄደው ወደ አክሱም ሐውልቶች፣ ወደ ላሊበላ፣ ወይም ሉሲ ወደተገኘችበት ወደ ሐዳር ነው። ጋምቤላ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የባሮ ወንዝ በየክረምቱ እየሞላ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ለግንብ የሚሆን ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። ሰው ቤቱን በእንጨት፣ በሣርና በጭቃ ይሠራል፤ ቤቱ ሲያረጅ ተመልሶ አፈር ይሆናል። ይህ ግን አካባቢው ታሪክ የለውም ማለት አይደለም። ታሪኩ አለ፤ የጎደለው ቆፍሮ የሚያጠናው ነው።

በኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኘው የኩሌ የስደተኞች ጣቢያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በዚያው ዓመት ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሰፈሩበት ሌላው ጣቢያ፣ ሌችዎር፣ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነዋሪዎቹ ኋላ ወደ ጀዊ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ለአርኪዮሎጂ ባለሙያ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። በዚህ ሜዳ ሰው የት እንደሚኖር የሚወስነው ውኃው ነው። ዛሬ ሰው ከፍ ያለ ቦታ እንደሚፈልግ ሁሉ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊትም ፈልጓል። ስለዚህ ጥንታዊ መንደር የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው ከሜዳው ጥቂት ብድግ ባለ ጉብታ ላይ ነው።

ድንበሩን ተሻግሮ፣ በደቡብ ሱዳን፣ እንዲህ ያለው ፍለጋ ውጤት አስገኝቷል። ኤልሰ ክሌፔ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በላይኛው ናይል እንዲህ ያሉ ጉብታዎችን ቆፍራ አጥንታለች፤ በምሥራቅ አፍሪካ የብሪታንያ ኢንስቲትዩት ባለሙያዎችም በዚያው ዘመን በደቡብ ሱዳን ሌሎች ጉብታዎችን መርምረዋል። ጉብታዎቹን ከፍ ያደረጋቸው ኑሮ ነው። ቤት ይፈርሳል፣ በላዩ ሌላ ይሠራል። የምድጃ አመድ፣ የከብት እበት፣ የዓሣ አጥንት፣ የተሰበረ እንስራ እዚያው ይጣላል። ይህ ለብዙ ትውልድ ሲደጋገም መሬቱ ከፍ ይላል።

እንዲህ ያለ ጉብታ ላይ ጉድጓድ ሲቆፈር ባለሙያው ከጉድጓዱ ወለል ይልቅ ለግድግዳው ይጠነቀቃል። ግድግዳው በመጥረጊያና በግንበኛ ማንኪያ ተስተካክሎ ሲጸዳ መስመሮች ይታያሉ፦ ግራጫ የአመድ መስመር፣ ከሥሩ እሳት ያቀላው አፈር፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ጎርፍ የጣለው ቀጭን ደለል፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ አመድ። ከታች ያለው ይቀድማል፣ ከላይ ያለው ይከተላል። በሁለት አመድ መካከል ደለል ካለ ውኃው ሰዎቹን አስነስቷቸው እንደነበርና በኋላ ሰው ተመልሶ እንደሰፈረ መገመት ይቻላል። ከመስመሩ ውጭ የወጣ ዕቃ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የሚናገረው ጥቂት ነው።

የጋምቤላ ሜዳ ግን ለዚህ ሥራ ምቹ አይደለም። ጥቁሩ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሰው እጁን የሚከትበት ይሆናል። ላይ የነበረ ገል ተንሸራቶ ወደ ታች ይገባል። ክረምት ሲመጣ አፈሩ አብጦ ይዘጋል፣ ዕቃውም ከማያውቀው ዘመን ጋር ተቀብሮ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ሜዳ ላይ የተለቀመ ገል ብቻውን ማስረጃ ለመሆን ይቸገራል፤ አፈሩ ያልተገላበጠበት ጉብታ ወይም የዋሻ ጥላ ትልቅ ዋጋ ያገኛል።

የክልሉ ደጋማ ጠርዝ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ተገኝቷል። በስፔናዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩዪባል የሚመራ ቡድን አጂላክ በሚባለው ስፍራ የድንጋይ ጥላዎችን አጥንቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትሟል። እዚያ የኖሩት አዳኞች ነበሩ። ሸክላ ይጠቀሙ ነበር፤ የድንጋይ መሣሪያም ይጠርቡ ነበር። ዘመናቸው እ.ኤ.አ. ከ1000 እስከ 1200 ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በላስታ የዛግዌ ነገሥታት በነገሡበት ዘመን በዚሁ አገር ምዕራብ ጫፍ ድንጋይ ጠርበው የሚያድኑ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ሁለቱም ጥበበኞች ነበሩ። እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩት ስለ አንደኛው ብቻ ነው፤ ልጆቻችን ሁለቱንም ቢማሩ ደስ ይለኛል።

ዘመኑ እንዴት ታወቀ ለሚል፣ ዋናው መንገድ ካርቦን 14 ነው። ዊላርድ ሊቢ የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ዘዴ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1960 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በሕይወት ሳለ ከአየርና ከምግብ ጥቂት ካርቦን 14 ይወስዳል። ሲሞት መውሰዱ ይቆማል፤ ያለው ደግሞ በታወቀ ፍጥነት ይቀንሳል፣ በ5730 ዓመት ግማሹ ያልቃል። አንድ ሺህ ዓመት የሆነው ከሰል ከመጀመሪያው 88 ከመቶ ያህል ይቀርለታል። ስለዚህ ከምድጃ የተገኘ የጣት ጥፍር የምታህል ከሰል ከወርቅ ጌጥ በላይ ልትጠቅም ትችላለች። ወርቅ ዕድሜውን በዚህ መንገድ አይናገርም።

ከአፈር ሌላ፣ በኩሌ አካባቢ ታሪክ የሚቀመጥበት ሁለተኛ ቦታ የሽማግሌዎች አንደበት ነው። ምሥራቃዊ ጂካኝ የሚባሉት ኑዌሮች በ19ኛው መቶ ዘመን ላትጆር በተባለ መሪ ተመርተው ወደ ምሥራቅ መምጣታቸውን ይተርካሉ። እንዲህ ያለ ትረካ ዓመት አይጠቅስም፤ ነገር ግን ኑዌሮች በአንድ ወቅት ለአቅመ አዳም የደረሱትን ወጣቶች በአንድ ስም ስለሚጠሩ የዕድሜ ጓዶቹን ስም ወደ ኋላ እየቆጠሩ ዘመኑን መገመት ይቻላል። አኙዋኮች ዘንድ ደግሞ የንጉሥነት ምልክት የሆነ ዶቃ ከአንዱ ንጉሥ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ትውፊቱ የመጀመሪያውን ዶቃ ከወንዝ ከወጣ ሰው ጋር ያያይዘዋል። የብርጭቆ ዶቃ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ቅመሙ ብርጭቆው በየት አገር እንደተሠራ ሊጠቁም ይችላል። ሽማግሌው የሚነግረንና ቤተ ሙከራው የሚነግረን አንድ ላይ ሲቀመጡ የንግድ መንገድ ይወጣቸዋል።

የአፈር ሐውልት ጉዳይ ለኩሌ ነዋሪዎች ቅርብ ነው። የኑዌሩ ነቢይ ንጉንዴንግ ቦንግ በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ከአፈርና ከአመድ ታላቅ ጉብታ አስገንብቶ ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1906 ካረፈ በኋላም ጉብታው የተከበረ ቦታ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1928 የእንግሊዝ አስተዳደር በፈንጂ አፈረሰው። የነቢዩ በትር በውጭ አገር ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ጁባ ተመልሷል። ለዚያ አስተዳደር የአፈር ክምር ብቻ የመሰለው ለሕዝቡ የድንጋይ ካቴድራልን ያህል ነበር፤ ማፍረሱም ያንኑ ያህል በደል ነበር።

ኢታንግ ራሷ በጽሑፍ ታሪክም አለች። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ዳር፣ ከ2000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ይፈቅድ ነበር። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው ጋምቤላ ላይ ሆነ፤ ቡናው በክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹም ኢታንግ ትልቅ የስደተኞች ጣቢያ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ባዶ ሆነች። ያ ሰፈር የተወው ምድጃና ቆርቆሮም ከእንግዲህ የአርኪዮሎጂ ጉዳይ ነው።

በኩሌም ሆነ በአካባቢው ቀበሌዎች ለመጸዳጃ፣ ለውኃ መስመር፣ ለቤት ምሰሶ በየጊዜው ይቆፈራል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በሌላ ሥራ ላይ ሳለ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጀመር ይቻላል። ገል፣ ዶቃ፣ የተጠረበ ድንጋይ ወይም የአመድ መስመር ካያችሁ ቁፋሮውን አቁማችሁ ዕቃው ካለበት ሳይነሳ ፎቶ አንሱት፤ ለመጠኑ እስክሪብቶ አጠገቡ አኑሩ፣ ጥልቀቱን በክንድም ቢሆን ለክታችሁ ጻፉ። ጎርፍ ወይም ልጆች የሚወስዱት ከሆነና ማንሳት ግድ ካላችሁም ገሉን አትጠቡት። በሸክላው ውስጥ የቀረው ስብ በቤተ ሙከራ ሲመረመር የተቀቀለበት ዓሣ ይሁን፣ የታለበበት ወተት ይሁን ለመለየት ይረዳል።