«እትዬ፣ ይህቺን ልጅ እስቲ ይዩዋት»

ቅዳሜ ከመዘምራን ልምምድ በኋላ ነበር። ሲኤምሲ በሚገኘው ቤታችን ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ ለብዙ ዓመታት የምናውቃት እህት ናት፤ ታለቅሳለች። የ19 ዓመት ልጇ ለቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ቅጽ ስትሞላ ተገኝታለች። በወጣት መዘምራኑ መካከል በዝማሬዋ ሁላችንም የምንባረክባት ልጅ ናት። አባት «ከእኔ ቤት ዘፋኝ አይወጣም» ብሎ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቷል።

ሄድን። ባለቤቴ አባትየውን ይዞ ወደ ግቢ ወጣ፤ እኔ ከልጅቷ ጋር ወጥ ቤት ቀረሁ። ሽንኩርት ትከትፍ ስለነበር እንባው የምን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ እጇን ጠርጋ ስልኳን አወጣችና «እትዬ፣ ይህቺን ልጅ እስቲ ይዩዋት» አለችኝ።

ያሳየችኝ ኤደን አለነን ነው። ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችሁ ስሟን ሰምታችሁ ይሆናል። ወላጆቿ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጭንቀት ላይ ሳለች ከ14 ሺህ በላይ የዚያ ማኅበረሰብ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ በአውሮፕላን መወሰዳቸውን የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም። ኤደን የተወለደችው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢየሩሳሌም ነው። ለዓመታት ባሌ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ገና በ17 ዓመቷ «ኤክስ ፋክተር» የተባለውን ውድድር በእስራኤል አሸነፈች። ከዚያ ቀደም በ2011 ሀጊት ያሶ የተባለች ሌላ የኢትዮጵያውያን ልጅ በዚያው አገር የታወቀ የዘፈን ውድድር አሸንፋ ስለነበር መንገዱ ፈጽሞ ያልተረገጠ አልነበረም።

በየካቲት 2020 ኤደን ሁለተኛ ውድድር አሸንፋ እስራኤልን በአውሮፓ የዘፈን ውድድር፣ በዩሮቪዥን፣ እንድትወክል ተመረጠች። ከኢትዮጵያ ወላጆች ተወልዳ ለዚህ የበቃች የመጀመሪያዋ ናት። የተሰጣት ዘፈን ርእሱ በአማርኛ «ፍቅር ልቤ» የሚል ሲሆን በውስጡ አማርኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነበረበት። እንግዲህ ያ ሁሉ የአውሮፓ ሕዝብ ፊት አማርኛ ሊሰማ ነው! ግን ዘፈኑ በታወጀ በሁለት ሳምንት ገደማ ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ።

እዚህ ላይ ልጅቷን «ስንት ዓመቷ ነበር ያኔ?» አልኳት። «19» አለችኝ፤ ቢላዋውንም አስቀመጠች።

በሚቀጥለው ዓመት ኤደን እንደገና ተመረጠች፤ ደንቡ ግን የ2020 ዘፈኖች እንዳይቀርቡ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ ግንቦት 2021 በሮተርዳም በሌላ ዘፈን ቀረበች። ለፍጻሜ ከደረሱት 26 አገሮች በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች። በመጨረሻ ላይ ያወጣችው ድምፅ በውድድሩ ታሪክ ከተሰሙት ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ ተዘግቦላታል። (ቤቴ ተመልሼ ያቺን ድምፅ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ስሰማ ባለቤቴ ብቅ ብሎ «የፓስተር ሚስት!» አለኝ። ሳቅን፤ እሱም አራተኛውን አብሮኝ ሰማ።)

ልጅቷ ያየችው ድሉን ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔ የቀረው ውድድሩ በተሰረዘባት ሳምንት ላይ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ሁሉ ነገር በእጇ ገብቶ ሲያመልጣት በዚያ ምሽት ከማን ጋር ተቀመጠች?

በእኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቀድሞ በኢትዮጵያን አይዶል የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ መምህር ፈለቀ ኃይሉ ያለ ርኅራኄ ሲዳኙ ስንቱ ቤተሰብ በየሳሎኑ ይስቅ ነበር! ኋላም አብርሃም ወልዴ የጀመረው ባላገሩ አይዶል መጣ፤ የመጀመሪያው አሸናፊ ዳዊት ጽጌ ዛሬ ስሙ የታወቀ ድምፃዊ ነው። ቀጥሎም ፋና ላምሮት። ከእነዚህ መድረኮች አንዱን በቴሌቪዥን ያላየ ምእመን ካለ እጁን ያውጣ።

አባትየውን ግን እረዳዋለሁ። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ሳለ በሰው ቤት መጋረጃ ጋርዶ በሹክሹክታ የዘመረ ሰው ነው። ለእርሱ መዝሙር ዋጋ የተከፈለበት ነገር ነው፤ ከዘፈን ጋር በአንድ አፍ ሊጠራው አይወድም። ለባለቤቴም ገላትያ ምዕራፍ 5ን ከፍቶ «ዘፋኝነት» የሚለውን ቃል አሳየው። እውነት ነው፣ ቃሉ በ1954ቱ ትርጉም ከሥጋ ሥራዎች ተርታ ተጽፏል። ይሁን እንጂ በግሪኩ ያለው «ኮሞስ» የሚለው ቃል ሲሆን ሰክሮ በሌሊት መጨፈርን፣ ልቅ የሆነ ፈንጠዝያን ያመለክታል። ይህን የምለው በሩን ሁሉ ለመክፈት አይደለም። ልጅን በጥቅስ ስንመልስ ጥቅሱ የሚለውን ቀድመን እንወቅ ብዬ ነው። እንደዚህ ያለ መድረክም የስካር ፈንጠዝያ ባይሆንም የራሱ ፈተና አለው፦ በድምፅ ብልጫ፣ በአለባበስ፣ በሕዝብ ፊት መዋረድ።

ስለ መዋረድ ካነሳሁ ለልጅቷ የማንዲሳን ታሪክ ነገርኳት። ይህቺ ጥቁር አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካን አይዶል ስትወዳደር ዳኛው ሳይመን ካውል በውፍረቷ ቀለደባት። እርሷም ፊት ለፊት ቆማ ይቅር እንዳለችው ነገረችው። የወጣችው 9ኛ ነው። ከዚያ በኋላ የመንፈሳዊ ዝማሬ አልበሞች አወጣች፣ በ2014ም የግራሚ ሽልማት አገኘች። ያው ዘመን ግን ወዳጇን በካንሰር ሞት አጥታ ከከባድ ጭንቀት ጋር የታገለችበት ነበር፤ ራሷ በግልጽ ተናግራዋለች። በ2024 በ47 ዓመቷ አረፈች። ሽልማቱና ጭንቀቱ በአንድ ቤት መኖራቸውን ልጅቷ አላወቀችም ነበር። ዝም ብላ አዳመጠችኝ።

«ብሸነፍ ወደ መዘምራኑ ትመልሱኛላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ምክንያቱም እርግጠኛ አልነበርኩም። አንዳንዶቻችን ብታሸንፍ እናጨበጭባለን፣ ብትሸነፍ ግን እንፈርዳለን።

ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ስናገኛቸው ሌላም ነገር ገባኝ። ሁለቱ ስለዚህ ጉዳይ እርስ በርሳቸው አልተነጋገሩም! አባት ውሳኔውን በእናት በኩል ልኳል፤ እናት ደግሞ ለልጅቷ በስውር «ጸልዪበት» ብላለች። ልጅቷም በሁለት መልእክት መካከል ቆማለች። ባለቤቴ ስለ ዘፈን ምንም አላለም፤ «እናንተ ሁለታችሁ መቼ ነው የተቀመጣችሁት?» ብቻ ብሎ ጠየቀ። አባት አንገቱን ደፋ። «እስከ ረቡዕ ጊዜ ስጡኝ» አለ።

ረቡዕ ማታ እናትየው ደወለች፤ በዚህ ጊዜ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። አባትና ልጅ ሳሎን ተቀምጠው ያን አማርኛ ያለበትን ዘፈን በአንድ ስልክ እያዩ ነው። አባትየው ሁለት ጊዜ «መልሺው እስቲ» ብሏል። ቅጹ ገና አልተላከም።