ፖዶኮኒዮሲስ፦ እግርና አቧራ በአንድ ስም

ፖዶኮኒዮሲስ ከሁለት የግሪክ ቃላትና ከአንድ ቅጥያ የተገጠመ የበሽታ ስም ነው። «ፑስ» እግር ማለት ሲሆን በአገናዛቢው «ፖዶስ» ይባላል፤ «ኮኒስ» አቧራ ነው፤ «ኦሲስ» ደግሞ ሐኪሞች የሕመም ሁኔታን ለማመልከት ከቃል ጫፍ የሚቀጥሉት ነው። ስሙን የሰጡት ኢትዮጵያ ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕክምና ያገለገሉት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ስለ በሽታው የጻፉት መጽሐፍ በ1990 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ለስሙ አርአያ የሆነው ከፕራይስ በፊት የነበረው «ኒሞኮኒዮሲስ» ነው፤ ይህ የድንጋይ ጠራቢዎችንና የማዕድን ቆፋሪዎችን ሳንባ የሚያጠቃ የአቧራ ሕመም ነው። በፖዶኮኒዮሲስ ግን አቧራው የሚገባው በአፍንጫ ሳይሆን በባዶ እግር ቆዳ ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ በዘር ተጋላጭ የሆነ ሰው እግር ከዓመታት በኋላ ያብጣል። እንዲህ ያለው አፈር የሚበዛው ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ ደጋና ወይና ደጋ ነው። በእንጣሎ ኖራ ድንጋይ የተከበበችውና ዝናቧ ከዚያ በእጅጉ የሚያንሰው መቐለ የበሽታው ዋና አገር አይደለችም።

ብዙ ጸሐፊዎችን የሚያስተው የመጀመሪያው ፊደል ነው። «ፔዶኮኒዮሲስ» ብሎ መጻፍ ተራ የፊደል ግድፈት ተደርጎ መታለፍ የለበትም፤ ትርጉሙን ይለውጣልና። በግሪክ «ፓይስ»፣ በአገናዛቢው «ፓይዶስ»፣ ልጅ ነው፤ መምህራን የሚማሩት ፔዳጎጂም የሕፃናት ሕክምናው ፔዲያትሪክስም ከዚያ ወጥተዋል። ስለዚህ «ፔዶኮኒዮሲስ» በግሪክ ጆሮ «የልጅ አቧራ» ነው። ስሕተቱን የሚያባብሰው ላቲን ነው፤ በላቲን እግር «ፔስ፣ ፔዲስ» ስለሚባል የብስክሌቱ ፔዳል ከእግር እንጂ ከልጅ አልመጣም። ፔዳልና ፔዳጎጂ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዘው ሁለት ሥር አላቸው። የዚህ በሽታ ስም ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ግሪክኛ ነው፤ ዘመዶቹ ፔዳልም ፔዳጎጂም ሳይሆኑ የተናጋሪ መቆሚያው ፖዲየምና ስምንት እግሩ ኦክቶፐስ ናቸው። «ፖ» ብሎ መጀመር ግድ ነው። «ፖዶኮኖሲስ» የሚሉም «ኒዮ»ን ይውጡታል፤ የአቧራው ቃል «ኮኒስ» ስለሆነ «ኒ» መጉደል የለበትም።

የግእዝ ሊቃውንት የግሪክን ቃል ሲቀበሉ በጠንካራ ድምፆች ይጽፉ ነበር፤ ጰራቅሊጦስ፣ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ ለዚህ ምስክር ናቸው። በእነርሱ ልማድ ቢሆን ቃሉ «ጶዶቆኒዮሲስ» ይሆን ነበር። የዛሬው «ፖ» እና «ኮ» በእንግሊዝኛ በኩል መምጣቱን ያሳያል።

ሕዝቡ የሚያውቀው ስም «ዝሆኔ» ነው፤ ያበጠውና የሻከረው እግር የዝሆንን እግር ስለሚመስል። ኤሌፋንቲያሲስም ያው ነው። ሆኖም የጥንት ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ዛሬ ሥጋ ደዌ የሚባለውን ነበር፤ ወደ እግር እብጠት የዞረው በመካከለኛው ዘመን የዓረብ ሐኪሞች «የዝሆን በሽታ» ያሉት ወደ ላቲን ሲተረጎም ነው።

ዝሆኔ መልክን ይናገራል፤ ፖዶኮኒዮሲስ መንስኤን። በታማሚ ካርድ ላይ «ዝሆኔ» ብቻ ብሎ ማለፍ ቸልተኝነት ነው፤ በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሕመም አለና። ሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ የትል በሽታ ነው፤ መድኃኒት አለው፤ በሞቃታማ ቆላ ይበዛል። ፖዶኮኒዮሲስ ትል የለውም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከእግር ጣቶችና ከመርገጫ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም እግር ይዞ ከጉልበት በታች ይቀራል። እርሱን የሚከላከለው ጫማ ነው፤ የጀመረውንም እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባትና በፋሻ ማሰር ያስታግሰዋል።