በቤተሰብ ሀብት ላይ የገለልተኛ ሰው ምክር ያለው ጥቅም

ሀብትን ማፍራት አንድ ድካም ነው፤ የተገኘውን ሀብት ከነፍቅሩ ለልጅ ልጅ ማድረስ ግን ሌላ ድካም ነው። ከሁለቱ የኋለኛው እንደሚከብድ የምንረዳው አብዛኛውን ጊዜ አባት ካረፈ በኋላ ነው።

ውድ አንባብያን፣ አንድን ቤተሰብ በሐሳባችን እንመልከት። አባት ከአንዲት የእህል ወፍጮ ተነሥቶ የዱቄት ፋብሪካ አቋቋመ። እርሱ ሲሞት አራት ልጆች ወረሱት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን በእኩል ስለሚያወርስ ድርሻቸው እኩል ነው፤ ሥራቸው ግን እኩል አይደለም። ታላቅየው ፋብሪካውን ያስተዳድራል፤ አንዲቱ እኅት ባል አግብታ ቤቷን ይዛለች፤ አንዱ ወንድም በአሜሪካ ይኖራል፤ ታናሺቱ ገና ተማሪ ናት። ታላቅየው ደመወዙን የሚወስነው ራሱ ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንደሚባለው ሆኖ ይሁን ወይም የድካሙን ዋጋ ብቻ ወስዶ ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። እኅቲቱ «ሒሳቡን ልየው» ብትል «ሌባ አልሽኝን?» የሚል መልስ ይመጣባታል። ባትጠይቅም ጥርጣሬው በልቧ ያድራል። እንዲህም ሆኖ ለፋሲካ በአንድ ገበታ የተቀመጡ ወንድማማች፣ ለሚመጣው ዓመት በፍርድ ቤት ደጃፍ ይገናኛሉ።

የገለልተኛ የቦርድ አባል ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ገለልተኛ የምንለው በሥጋ ወይም በጋብቻ ከቤተሰቡ ያልተዛመደውን፣ የድርጅቱ ተቀጣሪ ወይም ደንበኛ ያልሆነውን፣ ለአገልግሎቱ ከሚከፈለው አበል በቀር ሌላ ጥቅም የማይጠብቀውን ሰው ነው። እኅት የጠየቀችው ጥያቄ እንደ ክስ ይሰማል፤ ያንኑ ጥያቄ እርሱ ሲጠይቅ ግን እንደ ሥራ ይቆጠራል። የአስተዳዳሪው ደመወዝ ስንት ይሁን? ከትርፉ ምን ያህሉ ይከፋፈል፣ ምን ያህሉስ ለአዲስ መኪና መግዣ ይቀመጥ? ሒሳቡን የመረመረው ማን ነው? ይህ ለታላቅየውም ይጠቅማል፤ በውጭ ሰው ፊት ተመርምሮ የጸደቀ ደመወዝ ከሐሜት ያድነዋልና።

በአገራችን ሽማግሌ እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የሽማግሌን ክብር አንነካም። ነገር ግን ሽማግሌ የሚጠራው ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ገለልተኛ የቦርድ አባል ግን ጠብ ሳይነሣ በፊት ይቀመጣል። ያ የፈረሰውን ይጠግናል፤ ይህ ስንጥቁን አስቀድሞ ያያል።

በሌላ አገር የደረሰውም ያስተምረናል። በጣልያን አገር በፍሎረንስ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 የተቋቋመው የጉቺ የቆዳ ሥራ ቤት፣ መሥራቹ በ1953 ሲሞት በወንዶች ልጆቹ እጅ ገባ። በ1980ዎቹ ዓመታት አባት ከልጅ፣ አጎት ከወንድም ልጅ ተካሰሱ። በ1986 ከመሥራቹ ልጆች አንዱ አልዶ ጉቺ በሰማንያ አንድ ዓመቱ በአሜሪካ በግብር ማጭበርበር ተፈርዶበት ታሰረ፤ ማስረጃውን ለመንግሥት ያቀበለው የገዛ ልጁ ነበር። በ1993 የቤተሰቡ የመጨረሻ ድርሻ ለባዕድ ተሸጠ። የጉቺ ስም ዛሬም በገበያ አለ፤ ቤተሰቡ ግን ከባለቤትነቱ ወጥቷል።

በአንጻሩ፣ በእንግሊዝ አገር ገለልተኛ የቦርድ አባላት እንዲኖሩ ከመከሩት ዋነኛው ሰው ራሳቸው የቤተሰብ ድርጅት ልጅ ነበሩ። ሰር ኤድሪያን ካድበሪ በ1824 በበርሚንግሃም ከተማ ንግድ የጀመረው የቸኮላት አምራቹ የጆን ካድበሪ የልጅ ልጅ ልጅ ሲሆኑ፣ ድርጅቱን በሊቀ መንበርነት መርተዋል። እርሳቸው የመሩት ኮሚቴ በ1992 ባወጣው መግለጫ፣ በአክሲዮን ገበያ በተመዘገቡ ኩባንያዎች ቦርድ ላይ ቢያንስ ሦስት በዕለት ተዕለት ሥራ የማይገቡ አባላት እንዲኖሩና ከእነዚህም አብዛኞቹ ገለልተኞች እንዲሆኑ መክሯል።

በእኛም አገር የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበርን ቦርድ ለባለ አክሲዮኖች ብቻ ወስኖት ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለ አክሲዮን ያልሆኑ ሰዎች ከቦርዱ አባላት ከሦስት አንድ እጅ ሳይበልጡ እንዲመረጡ ፈቅዷል። ስለዚህ በሩ ተከፍቷል።

ሆኖም ስሙ ብቻ አይበቃም። የአባት የልብ ወዳጅ፣ የታላቅየው የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ወይም ከድርጅቱ ብድር ያለበት ሰው ገለልተኛ ሊባል አይችልም። ቃለ ጉባኤ ለመፈረም ብቻ የሚመጣ፣ መዝገብ የማይከፈትለት ሰውም አይረባም። ለትንሽ ሱቅ ደግሞ ቦርድ ማቋቋም ወጪው ያመዝናል፤ ለእርሱ የሒሳብ ዐዋቂ በየዓመቱ መዝገቡን መርምሮ በሁሉም ወራሾች ፊት ቢያነብላቸው ይበቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ይህ አባትና እናት በሕይወት ሳሉ የሚፈጸም ነገር ነው። አባት ራሱ የመረጠውን ሰው ልጆቹ አንዱ ለሌላው ያመጣበት ሰላይ አድርገው አይጠረጥሩትም። እርሱ ራሱ በዚያ ሰው ፊት ሒሳቡን ገልጦ ሲጠየቅና ሲመልስ ልጆቹ ካዩ፣ መጠየቅ ስድብ አለመሆኑን ከአባታቸው ይማራሉ። ወላጆች ሆይ፣ ቤትና ፋብሪካ ስታወርሱ ይህንም ልማድ አብራችሁ አውርሱ።