የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል እና ነርሶቹ

የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ከተወለዱ 28 ቀን ያልሞላቸው ሕሙማን የሚተኙበት የሆስፒታል ክፍል ነው። ያለጊዜያቸው የተወለዱ፣ ሲወለዱ የታፈኑና ኢንፌክሽን የያዛቸው ይበዙበታል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አገልግሎቱ የሚገኘው እንደ አሶሳና ፓዊ ባሉ ሆስፒታሎች ነው። ዓባይ ክልሉን ለሁለት ስለሚከፍለው የመተከል ዞን በአብዛኛው በፓዊ፣ የአሶሳ ዞንና ማኦ ኮሞ ደግሞ በአሶሳ ይገለገላሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በኩርሙክ ድንበር የተሻገሩ ስደተኛ እናቶችም ተጨምረዋል።

ክፍሉ የቆመው በነርስ ነው። ሐኪም በዙር መጥቶ መድኃኒትና የፈሳሽ መጠን ያዛል፤ ሌሊቱን በሕፃናቱ አጠገብ የምታድረው ተረኛዋ ነርስ ናት። የኦክስጅኑን ነገር ብቻ ማየት ይበቃል። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ኦክስጅን ሲሰጠው በደሙ ያለው መጠን ከ90 እስከ 95 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ካነሰ አንጎሉ፣ ከበዛ ዓይኑ ሊጎዳ ይችላል። ቁጥሩን እያየ ፍሰቱን የሚቀንስና የሚጨምር ሰው ከሌለ መለኪያ ማሽኑ ቢጮኽም ዋጋ የለውም።

ጊዜ የሚበላው ግን ማጥባቱ ነው። መጥባት ያልቻለ ሕፃን የእናቱን ወተት በቀጭን ቱቦ በየሦስት ሰዓቱ ያገኛል። ነርሷ ቱቦው ሆድ ውስጥ መሆኑን አረጋግጣ፣ መግፊያው የወጣለትን ሲሪንጅ ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ ወተቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል እንጂ አይገፋም። አንዱ 15 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ለአሥር ሕፃናት በቀን 80 ጊዜ፣ ማለትም 20 የሥራ ሰዓት ይሆናል። ሙቀት መለካቱ፣ መርፌው፣ ካርድ መሙላቱና ርክክቡ ገና አልተቆጠረም።

በብሪታኒያ መመዘኛ አንድ ነርስ የምትይዘው አንድ ፅኑ ታካሚ፣ ሻል ካሉት ሁለት፣ ከቀላሎቹ አራት ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሌሊት ፈረቃ ከዚህ የበዛ መያዝ የተለመደ ነው። ምደባው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ በጨቅላ ሕክምና የሠለጠነች ነርስ በክፍል ቅያሬ ወደ ሌላ ዋርድ ትሄድና ቦታዋን ያልሠለጠነ ይይዘዋል። ከመሃል አገር በራቀ ክልል ልምድ ያካበተው ዝውውር ይጠይቃል። በ2013 ዓ.ም. በመተከልና በካማሺ ዞኖች የነበረው ግጭትም የጤና ባለሙያዎችን አፈናቅሏል።

ሸክሙን በከፊል የምታቃልለው እናቲቱ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ወዲያው በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ታቅፎ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይላል። ይህ ነርስን አይተካም። ለእናቲቱ አልጋና ምግብ፣ አስተቃቀፉንም በበርታ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ የሚያስረዳ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ያለዚያ ማስተርጎሙ በጽዳት ሠራተኛዋ ወይም በጎረቤት አስታማሚ ላይ ይወድቃል።