የሚያነበው ያጣ ድርሰት

ኅዳር 1962 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያሳትሟት በነበረችው «ስትራግል» ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ወጣ። ጸሐፊው የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን፣ ጉዳዩ የብሔረሰቦች ጥያቄ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። ሐሳቡን የሚደግፈውም የሚረግመውም ወገን ይኸው እስከ ዛሬ ይጠቅሰዋል። በመምህራን ክበብ ሻይ እየተጠጣ የተማሪ ጽሑፍ ሲነሣ ግን ዋለልኝ የሚጠራው በሌላ ምክንያት ነው፦ «አየህ፣ ያኔ ተማሪ በእንግሊዝኛ እንዲህ ይሟገት ነበር። የዛሬውን እስኪ አንድ አንቀጽ አስጽፈው!»

ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይደለም። ያኔ የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ የሚረግጠው ወጣት ከእኩዮቹ ተበጥሮ፣ ተበጥሮ የቀረ ነበር። ዛሬ ከአርባ በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ያኔ ግን አዲስ አበባና አሥመራን ከጠራን ቆጠራው ያበቃል። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሳይሻገር ሻንጣውን አንጠልጥሎ የሚመለሰው ጥቂት አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እነዚያ ልጆች አንባቢ ነበራቸው። የጻፉትን ጓደኛ ያነበዋል፣ ተቃዋሚ በስብሰባ ያብጠለጥለዋል፣ የጸጥታ ሰው ሳይቀር ቁጭ ብሎ ያነበዋል። የዛሬው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዋና ችግር የሰዋስው አይመስለኝም። የሚያነብለት ሰው የለውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ በፊት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ ሐሳቡን በራሱ ዐረፍተ ነገሮች ያሰፈረበት ገጽ ስንት ነው? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከዳር እስከ ዳር ምርጫ ነው። የመጻፍ ችሎታ ራሱ የሚፈተነው የተዘበራረቁ ዐረፍተ ነገሮች ተሰጥተው «ትክክለኛው ቅደም ተከተል የቱ ነው?» ተብሎ ነው፤ ተማሪው አንዱን ፊደል መርጦ ያጠቁራል። ፈተና የማይጠይቀውን መምህር አያስተምርም፤ በአንድ ክፍል ስድሳ ሰባ ልጅ ታቅፎ ድርሰት ላርም ቢልም ጉልበቱ አይበቃውም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ በዓመቱም 3.2 በመቶ ሲሆን፣ አገር ደነገጠ። የሬሜዲያል ፕሮግራም የመጣው በዚሁ ድንጋጤ ነው። ያለፉት ጥቂቶችስ? በእንግሊዝኛ ከፍተኛ ውጤት ያመጣው ልጅ አንድም ቀን ሙሉ አንቀጽ ሳይጽፍ ያንን ውጤት ሊያመጣ እንደሚችል ያወሳ አልሰማሁም።

ለዚህ ልጅ የተዘጋጀው ኮርስ ስሙን ሲለዋውጥ ኖሯል። በቀድሞው ፍሬሽማን ዘመን «ፍሬሽማን ኢንግሊሽ» ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ መሰናዶ ትምህርት ሲመጣ ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ቀረና «ኮሌጅ ኢንግሊሽ»፣ «ሶፎሞር ኢንግሊሽ»፣ «ቤዚክ ራይቲንግ ስኪልስ» እየተባለ ቀጠለ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሲመለስ «ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ» አንድና ሁለት ሆኖ መጣ። ሞጁሉን የገለጠ ሰው ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ስለ ሀገር በቀል ዕውቀት፣ ስለ ባህላዊ ቅርስ የሚያወሱ ክፍሎች ያገኛል። ማዳመጥ አለ፣ መናገር አለ፣ ማንበብ አለ፣ ሰዋስው አለ፤ መጻፍ በየክፍሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ሴሚስተሩ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለውም እሱ ነው።

እኔ ይህን ትምህርት ባስተማርኩበት ግቢ የተለመደው የአንቀጽ ርእስ «የሕዝብ ብዛት ጉዳቶች» ነበር። የሚመጣው ወረቀት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሥራ አጥነት፣ የደን መጨፍጨፍ፣ የኑሮ ውድነት፣ «በመጨረሻም መንግሥት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል»። ልጆቹ ቃላቱን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያውቋቸዋል፤ የራሳቸው የሆነ ግን አንድም የለበትም። አንድ ጊዜ ርእሱን ትቼ «እቤታችሁ ስትሠሩት ያደጋችሁትን ሥራ፣ ጭራሽ ለማያውቅ ሰው ደረጃ በደረጃ አስረዱ» አልኩ። ከጎጃም ገጠር የመጣ አንድ ልጅ ስለ ጤፍ ውቂያ ጻፈ። አውድማው ሣሩ ተነቅሎ በእበት ይለቀለቃል፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ነዶው ይበተናል፣ በሬዎቹ እየዞሩ ይረግጡታል፣ በመንሽ ይገለበጣል። ከዚያ ሥራው ቆሞ ነፋስ ይጠበቃል፤ ነፋሱ ሲመጣ በላይዳ እየተበተነ ገለባው ከምርቱ ይለያል። ነፋሱ ከየት በኩል ሲመጣ ሰው የት መቆም እንዳለበት፣ ለምን እንደሆነም ጨምሮ ነገረን።

ግሱ ጊዜውን የጠበቀበት ዐረፍተ ነገር ለመድኃኒት አልነበረም። ቅደም ተከተሉ ግን አንድ ቦታ እንኳ አልተናጋም፤ አንባቢው የማያውቀውን ነገር ሲያነሣ ቆም ብሎ ያስረዳል፣ የሚያውቀውን ያልፋል። ኮርሱ በሴሚስተር ሙሉ ሊያስተምረው የሚሻው ይህንኑ ነው። በመምሪያው የተሰጠኝ የማረሚያ ሠንጠረዥ ግን አብዛኛውን ነጥብ ለሰዋስውና ለሥርዓተ ነጥብ የመደበ ስለነበር፣ ስለ ሕዝብ ብዛት የሸመደደው ጎረቤቱ በለጠው።

ሁለት የተለያዩ ችሎታዎችን፣ እንግሊዝኛንና መጻፍን፣ በአንድ ወረቀት እየለካን አንዱ ሲጎድል ሁለቱንም የለም እንላለን። በዚህ ብቸኞች አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1970 የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ከከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለተመረቀ ሁሉ በሩን ሲከፍት፣ በሲቲ ኮሌጅ ያሉ መምህራን ከዚያ በፊት አይተው የማያውቁት ዓይነት ወረቀት ጎረፈላቸው። «እነዚህማ ለኮሌጅ አይሆኑም» ያለው ብዙ ነው። ሚና ሾነሲ የተባለች መምህርት ግን በአራት ዓመት ውስጥ የተከማቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ የመግቢያ ድርሰቶችን ይዛ ስሕተቶቹን አንድ በአንድ መረመረች። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመችው መጽሐፍ የደረሰችበት ነገር ቀላል ነበር፤ ስሕተቶቹ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፣ ልጆቹም የሚሳሳቱት ጀማሪ ስለሆኑ እንጂ ደካማ አእምሮ ስላላቸው አይደለም። ስሕተቱን እየቆጠረች ነጥብ ከመቀነስ ይልቅ ልጁ ለምን እንደዚያ እንደጻፈ ጠየቀች።

እንዲህ አድርጎ ማንበብ ግን ጊዜ ይፈልጋል። እንበልና አንድ መምህር ስድሳ፣ ስድሳ ተማሪ ያላቸው ሦስት ክፍሎች ያስተምራል። ሁሉም አንድ አንድ ገጽ ቢጽፉ 180 ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ቢሰጥ 30 ሰዓት፤ ያውም ለአንድ ዙር። ልጁ አስተያየቱን ተመልክቶ ደግሞ ልጻፈው ቢልስ? መውጫ ሆኖ የተገኘው የቡድን አሳይመንት ነው። 180ው ወረቀት ወደ 30 ይወርዳል። ከስድስቱ አንዷ ትጽፋለች፣ አንዱ ያስተይባል፣ የቀሩት «ስሜን እንዳትረሱ» ይላሉ። መምህሩ ያውቃል፤ ተማሪዎቹም እንደሚያውቅ ያውቃሉ። የመጨረሻው ፈተና ደግሞ ተመልሶ ምርጫ ይሆናል፤ ትክክለኛውን መሪ ዐረፍተ ነገር ምረጥ።

አሁን ቻትጂፒቲ መጥቶ፣ ቴሌግራም ላይ ያሉ ቦቶችም ተጨምረው፣ አንዷም ከመጻፍ አረፈች። መምህራን ተማሪ በማሽን ማስጻፉን እንደ ውርደት ሲያወሩት እሰማለሁ። እኔ ልጆቹን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ማንም በወጉ የማያነበውን ወረቀት ማሽን ቢጽፈው የተበላሸው ነገር ብዙ አይደለም። የሚያስፈራኝ ማሽኑ የሚጽፈው ስለ ሕዝብ ብዛት ያለው ዓይነቱን መሆኑ ነው፤ ንጹሕ ሰዋስው፣ ባዶ ሐሳብ፣ በእኛ ሠንጠረዥ ሙሉ ነጥብ።

በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻፍ ይቅደም የሚለው ሐሳብም ጆሮ ሊሰጠው ይገባል፤ የውቂያውን ልጅ በአማርኛ አስጽፌው ቢሆን ምን ያመጣ እንደነበር ለመገመት አይከብድም። ጥያቄው የሚወሳሰበው አንድ ክፍል ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛና ሲዳምኛ ተናጋሪዎች አብረው ሲቀመጡ ነው። ከፍተኛ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እስከቀጠለ ድረስም እንግሊዝኛው አይቀርም። ስለዚህ የራስ ቋንቋ ጽሕፈት በየክልሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥር ቢይዝ ይሻላል እላለሁ፤ ያ የዓመታት ሥራ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ነገ ጠዋት ሊነኩት የሚችሉት ነገር የመምህሩ ሎድ ነው። ሎድ የሚሰላው በክፍል ሰዓት ነው። ሦስት ክፍል ፊዚክስ የሚያስተምርና ሦስት ክፍል ጽሕፈት የሚያስተምር መምህር በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ የፊተኛው ፈተናውን በመልስ ቁልፍ ያርማል፣ የኋለኛው 180 ወረቀት ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ኦቨርሎድ የሚከፈለው ተጨማሪ ክፍል ለያዘ እንጂ ድርሰት አንብቦ አስተያየት ለጻፈ አይደለም። የጽሕፈት ክፍል ከ25 ተማሪ አይብለጥ፣ እርማትም እንደ ክፍል ሰዓት ይቆጠር የሚል ሐሳብ ለትምህርት ክፍል ስብሰባ ያቀረበ የሥራ ባልደረባዬ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ በጀት የለም። በማግሥቱ ተማሪዎቹን በስድስት በስድስት ከፍሎ አሳይመንት ሰጠ።