ተማሪውን የሚመዝን ጨዋታ

በገበጣ የሠለጠነ አዋቂ ከጀማሪ ልጅ ጋር ሲጫወት ኃይሉን ሁሉ አያወጣም። ልጁ ተስፋ እንዳይቆርጥ አንዳንዱን ጨዋታ ይለቅለታል፤ ልጁ እየበረታ ሲሄድ ግን እሱም እየጠነከረ ይሄዳል። ይህን ተጋጣሚን እየመዘኑ የማስተማር ዘዴ ዛሬ በኮምፒዩተር ማከናወን ተችሏል።

ለትምህርት የተዘጋጀ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሁሉ ግን ተማሪውን ይመዝናል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያቀርባሉ። የሚመዝነው ጨዋታ አሠራር የተለየ ነው። በመጀመሪያ ጥያቄዎቹ ከቀላል ወደ ከባድ በደረጃ ይከፈላሉ። ተማሪው ሲመልስ ኮምፒዩተሩ መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን፣ አንዳንዴም የወሰደውን ጊዜ ጭምር ይመዘግባል። ከዚህም በመነሣት ችሎታውን በቁጥር ይገምታል። ተማሪው በትክክል ከመለሰ ግምቱ ከፍ፣ ከተሳሳተ ዝቅ ይላል፤ ቀጣዩም ጥያቄ በዚሁ ግምት መሠረት ይመረጣል። አንዳንድ ጨዋታዎች ይህን ስሌት የወሰዱት በሀንጋሪ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ የቼዝ ተጫዋቾችን ብቃት ለመለካት ካዘጋጀው ዘዴ ነው። በዚህም ስሌት እያንዳንዱ ጥያቄ እንደ አንድ ተጋጣሚ ይቆጠራል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን አድሎ ነበር። የሚያስተምራቸው መምህር አልተመደበም። ልጆቹ የነካኩት ሁሉ በመሣሪያው ካርድ ላይ እየተመዘገበ በየሳምንቱ ይሰበሰብ ነበር። ሕፃናቱ መሣሪያውን ያለ አስተማሪ ከፍተው ተጠቀሙበት። ይሁን እንጂ ታብሌት መክፈትና ማንበብ መቻል አንድ አይደሉም፤ መዝገቡም የሚናገረው የተደረገውን እንጂ የታሰበውን አይደለም።

ይህ ልዩነት ለእናንተም ትልቅ ነገር ነው። በሐዋሳ ከተማ የሚኖር፣ በቤቱ ሲዳምኛ የሚናገር፣ ሒሳብን ግን በእንግሊዝኛ የሚማር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሐሳባችሁ ሣሉ። ጨዋታው በእንግሊዝኛ እንዲህ ሲል ይጠይቀዋል እንበል፤ «በአሞራ ገደል ለገበያ ከቀረበው 40 ዓሣ ሩቡ ቢሸጥ የቀረው ስንት ነው?» ተማሪው የአርባን ሩብ አሳምሮ ያውቃል፤ «የቀረው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ግን ባለማወቁ 30 በማለት ፈንታ 10 ብሎ ይመልሳል። ኮምፒዩተሩ ስሕተቱን ብቻ በመቁጠር ወደሚያውቀው ቀላል የክፍልፋይ ትምህርት ይመልሰዋል። ተማሪውም «ሒሳብ አይገባኝም» ብሎ ያምናል። መምህሩ ግን «10ን እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ቢጠይቀው የጎደለው ስሌት ሳይሆን ቃል መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

እንግዲህ በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ስትማሩ በግምት አትመልሱ፤ ኮምፒዩተሩ ግምታችሁን እንደ ዕውቀት ይቆጥረዋልና። ደረጃችሁ ዝቅ ሲልም ያሳሳታችሁ ቁጥሩ ይሁን ቋንቋው ለይታችሁ ጻፉና ለመምህራችሁ አሳዩ።