«ባዶ መሬት» የሚባለው መሬት፦ በአዋሽ ፓርክ ዳርቻ ቤት ከመሠራቱ በፊት ምን መታየት አለበት?



ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ ተራራና በዶፈን ዙሪያ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ቤቱ የተሰነጠቀበት ቤተሰብ ቀጥሎ የት ይኑር የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ሰፊው ሜዳ ላይ ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ወንዙን ተሻግሮ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ዳርቻው ላይ ደግሞ የአርብቶ አደሩ መንደሮች። «ይህ ሁሉ ባዶ መሬት እያለ ሰው ለምን በሸራ ሥር ይኖራል?» የሚለው ንግግር ቅንነት አለው። እኛም በሸራ ሥር ያለ ቤተሰብ ቤት ማግኘቱን የሚያህል ጉዳይ የለም ብለን እናምናለን። ስህተቱ ያለው «ባዶ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ፓርኩ የተመሠረተው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲሆን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሕግ ታውጇል። ስፋቱ 756 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና መሐሉን አቋርጦ ያልፋል፤ ከመንገዱ በስተደቡብ ያለው ሜዳ ኢላላ ሳላ ይባላል። ሳላ ቀጥ ያሉ ረጃጅም ቀንዶች ያሉት የዱር እንስሳ ነው። ታዲያ ይህ ሜዳ ፓርክ ከመሆኑ በፊት የአፋር፣ የከረዩና የኢቱ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። ከላይ የመተሐራ ስኳር እርሻ፣ ከጎን ፓርኩ፣ ከታች የጥጥ እርሻዎች የወንዙን ዳር ሲይዙ ከብቱ በበጋ የሚጠጋበት ቦታ ጠበበ። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ደግሞ (አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል) የተረፈውን ሣር እየወረረው ነው። ስለዚህ በክረምት ሄዶ ሰው ያላየ ባለሙያ «ሰው የለበትም» ብሎ ቢጽፍ፣ በበጋ መጨረሻ መንጋው ሁሉ የሚሰባሰብበትን ቦታ ለቤት ሰጥቶ ይሆናል።

የግጦሽ መሬትን መከለል ለአካባቢውም ሆነ ለዲናችን አዲስ አይደለም። በሰሜን አፋር «ደሶ» የሚባል ባህላዊ ሥርዓት አለ፤ ለክፉ ቀን የሚሆን ግጦሽ በጎሳው ስምምነት ይከለላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አቅራቢያ ነቂዕን ለፈረሶች ግጦሽ «ሒማ» አድርገው ከልለዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) ረበዛን ሲከልሉ ለጠባቂው የሰጡት ትእዛዝ በሐዲስ መጻሕፍት ተመዝግቧል፦ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለው እንዲገባ፣ ባለጸጎቹ ግን እንዲከለከሉ አዘዙት። ምክንያቱም የባለጸጋው ከብት ቢያልቅ ባለቤቱ ወደ ዘንባባውና እርሻው ይመለሳል፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ መጥቶ ደጃቸው ላይ ይቆማል። እኛ በዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘንም። መሬቱ ለቤት ሲሰጥ ሌላ መሄጃ የሌለው ማን ነው?

ወደ አገራችን ሕግ ስንመጣ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደር ለግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ግምገማው ሥራው ሳይጀመር እንዲካሄድና ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ፓርኩ በፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሥር ስለሆነ፣ ከወሰኑ ውስጥ ወረዳ ወይም ክልል ብቻውን መሬት ቆርሶ መስጠት አይችልም። ከወሰኑ ውጭ ያለው ቁራሽ ግን ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው፤ የዱር እንስሳውም የቤት እንስሳውም መመላለሻ እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ምድሩ ራሱ አለ። የአዋሽ ሸለቆ ምድር እየተከፈተች ያለችበት ስምጥ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በዱለቻ ወረዳ ሰገንቶ ቀበሌ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ሲፈነዳ አይተናል። ቀደም ሲልም በመስከረም 1998 ዓ.ም. ከሰመራ በስተሰሜን ምዕራብ በደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስንጥቅ ተፈጥሮ፣ መሬቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ስለዚህ ለአዲስ ሰፈር በሚመረጥ ቦታ ላይ ሜዳ መሆኑን አይቶ መፍረድ አይበቃም፤ ስንጥቁ በየት በኩል እንደሚያልፍ በካርታ መለየት አለበት። የቤቱም ዓይነት ወሳኝ ነው። ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠራው የአፋር ቤት ቢወድቅ እንኳ ሰው አይገድልም፤ ያለ በቂ ብረት የተገነባ ብሎኬት ግን ይገድላል። «ዘመናዊ ቤት እንሥራላችሁ» ሲባል ይህ ቢጠየቅ ነውር የለውም።

ለንጽጽር ሸለቆውን ተከትለን እስከ ሰመራ ብንወርድ ሌላ ምርጫ እናያለን። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ሲዛወር አዲሱ ከተማ የቆመው በአውራ ጎዳናው ላይ፣ ጥቁር ድንጋይ በለበሰ ደረቅ ሜዳ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያፈናቅል በወንዙ ዳር ያሉት እንደ አሳይታና ዱብቲ ያሉ ወረዳዎች ክፉኛ ተጎድተዋል። ደረቁን ሜዳ መምረጥ ለምለሙን የወንዝ ዳር ግጦሽ ያተርፋል። ዋጋው ደግሞ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀትና ውኃን ከሩቅ ማምጣት ነው፤ ይህን ወጪ በቅድሚያ ያልቆጠረ ሰፈራ ሰዉን መልሶ ወደ ወንዙ ይሰደዋል።

የአዋሽ አካባቢ ነዋሪ የሆናችሁ አንባቢዎቻችን፣ ባለሙያ መሬት ሊለካ ሲመጣ የግምገማው ሪፖርት ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ እንድታዩት መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጥናቱ በበጋም በክረምትም መካሄዱን፣ ከብት የሚያግዱትና ውኃ የሚቀዱት ሴቶች መጠየቃቸውን፣ የመስጂድና የቀብር ቦታ ከመጀመሪያው በፕላኑ ላይ መኖሩን ተመልከቱ። በስብሰባ አዳራሽ ለተገኙት ብቻ የተነገረ ነገር በረሃ ላሉት አይደርስም፤ አፋር ግን ዳጉ አለው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ወሬ ሳይለዋወጡ አይለያዩም፤ የስብሰባው ቀን ቀደም ብሎ በዚያ በኩል ይነገር።